ተሳትፏችን ጨመረ ወይስ የሚሠራው አውራ ጣታችን ብቻ ነው?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩ (ከጥያቄው ሥር የተሰጠው የምላሽ ተርታ) ስለረዘመ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይሰለች ከላይ ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል እያስቀመጥኩ እወርዳለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መሀል መሀል የራሴን ጣል ባደርግ አትቀየሙኝ።

መነሻው ይህ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰው እንደ ጉድ በዝቷል። የራሱን ነገር የሚያወጣው ግን በዚያው ልክ የበዛ አይመስለኝም። በ1994 የተጀመረው ጂኦሲቲስ ለፈለገ ሁሉ ነጻ ገጽ ይሰጥ ነበር። ገጾቹ በሰፈር የተከፈሉ ነበሩ፤ ሲኒማ ወዳዱ «ሆሊውድ»፣ ኮምፒውተር ወዳዱ «ሲሊከን ቫሊ» ይሰፍራል። ሰው ኮዱን ከሌላ ገጽ ኮርጆ፣ ጀርባውን በከዋክብት ሞልቶ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ርዕስ ሰቅሎ፣ ከታች የጎብኚ መቁጠሪያ ገጥሞ ስለ ድመቱ ይጽፋል። ዓይን ያማል። አንዱ ግን ከሌላው አይመሳሰልም። ዛሬ የሁላችንም ፕሮፋይል አንድ ክብ ፎቶ፣ አንድ ስም፣ አንድ መስመር መግለጫ ነው። ቀሪው ሥራችን ሌላ ሰው ያወጣውን ወደ ላይ እየገፉ ማሳለፍና አልፎ አልፎ መጫን ነው። እናም ጠየቅኩ፦ ተሳትፏችን ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የምታወጡትንስ ለማን ብላችሁ ነው የምታወጡት?

ምላሽ 1 ሰላምታውን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ከሁሉ የናፈቀው አካፋ የያዘው ሰውዬ ነው፤ ገጹ ገና እየተሠራ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት። ያን ምልክት የለጠፈ ሰው ሥራውን ሲጨርስ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን።

ምላሽ 2 ጨዋ ነው፣ ግን አይለቅም። ማስረጃህ የታለ ብሎ ያዘኝ። የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ጃኮብ ኒልሰን በ2006 የጻፈውንም አመጣ። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ከመቶ 90 ያህሉ ዝም ብሎ ያነባል፣ 9 ያህሉ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ አብዛኛውን የሚያወጣው ያ የቀረው 1 ነው። ስለዚህ በጂኦሲቲስ ዘመንም ተናጋሪው ጥቂት ነበር፤ አንተ የምታስታውሰው ጥቂቶቹን ነው አለኝ። ቁጥሩ ግምታዊ ልኬት ነው እንጂ በየቦታው የሚሠራ ሕግ አይደለም። የአንድ አካባቢ አድሚን የነበረ ሰው ግን እውነትነት አለው ማለቱ አይቀርም።

ምላሽ 3 ላይክ ማድረግ ተሳትፎ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቀ። ከሆነ ዝም ያለ ሰው የለም፤ ካልሆነ ደግሞ ሁላችንም ዝም ብለናል። ምላሽ 4 ፌስቡክ በ2004 ሲጀመር ላይክ አብሮት ስለነበረ ከዚያ በፊት የሚባል ዘመን እንደሌለ ተናገረ።

ምላሽ 5 ይህን አረመ፤ ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ የሱ ነው። የላይክ ቁልፍ የመጣው በየካቲት 2009 ነው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ያህል ሰው ቁልፉ ሳይኖር ኖሯል። ጓደኛህ የተወለደ ልጁን ፎቶ ቢያወጣ ሁለት ምርጫ ነበረህ፦ ማለፍ ወይም መጻፍ። ሦስት ቃልም ትሁን መጻፍ ነበረብህ። ሦስቱ ቃላት ደግሞ ያንተ ናቸው። ቁልፉ ሲመጣ ያለፉት ሰዎች መጫን ጀመሩ፤ ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹም ወደ መጫን ወረዱ። ተሳታፊው በዛ፣ ቃሉ ቀነሰ። በትዊተርም እንዲሁ ሆኗል ብሎ ጨመረ። ሪትዊት ቁልፍ የሆነው በ2009 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰዎች የሌላውን ጽሑፍ በእጃቸው እየገለበጡ ፊቱ ላይ «አርቲ» ብለው ይልኩ ነበር። ስትገለብጥ ታነበዋለህ። ስትጫነው ላታነበውም ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጨምርለት። ላይክ ብቻ በነበረበት ጊዜ ሰው የሞት መርዶ ሲለጥፍ ምን እንደምናደርግ ግራ ገብቶን ነበር። አውራ ጣት መጫን ያሳፍራል፣ ማለፍም ያሳፍራል። ያዘነው፣ የሳቀውና የተናደደው ፊት የተጨመሩት በየካቲት 2016 ነው። ያን ጊዜ ሐዘናችንንም መጫን ቻልን።

ምላሽ 6 በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ወደ 1978 ወሰዱን። ዋርድ ክሪስቴንሰን ከጓደኛው ጋር ሆኖ ቺካጎ ውስጥ፣ በረዶ ከቤት አላስወጣ ባለበት ክረምት፣ ከኮምፒውተር በስልክ መስመር የሚገባበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠራ። መስመሩ አንድ ስለነበረ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ሰው ነው። ሌላው ሲደውል መስመር ተይዟል። ገብተህ ታነባለህ፣ ጽፈህ ትወጣለህ፣ ቀጣዩ ይገባል። ከኋላህ ሰው እየጠበቀ መሆኑን ስለምታውቅ የማይረባ ነገር አትጽፍም አሉ። ቀጥለው ስለ ዩዝኔት አወሩ። በ1980 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኘ የውይይት መረብ ነው። በየመስከረሙ አዳዲስ ተማሪዎች ይገቡና ይረብሻሉ፤ ነባሮቹ ወግ ያስተምሯቸዋል፤ ወር ሁለት ወር ሳይሞላ ይረጋጋል። የንግድ ድርጅቶች በሩን ለደንበኞቻቸው ሲከፍቱ ግን ጎርፉ መቆሚያ አጣ። የ1993ቱ መስከረም እስከ ዛሬ አላለቀም የሚሉት ነባሮቹ ለዚህ ነው።

ምላሽ 7 እዚህ ላይ ቱግ አለ። ይሄ ናፍቆት አይደለም፣ ንቀት ነው አለ። ያኔ የነበረው «ሁላችን» ማን ነው? ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ሞደም (ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር የሚያገናኝ ዕቃ) የገዛ፣ እንግሊዝኛ የሚጽፍ። ጨዋነታቸው በሩ በመዘጋቱ የመጣ ነው፤ የሚያለቅሱትም በሩ በመከፈቱ ነው። ምላሽ 8 ላይ ሰውዬው መለሱ፤ ማንንም እንዳልናቁ፣ አዲስ የመጣውን ሰው የሚያስተምር ሰው መኖሩን ብቻ እንደሚያደንቁ በትዕግሥት አስረዱ። ምላሽ 9 ያው የተናደደው ልጅ ነው። አሁን ደግሞ «ጋሼ» እያለ መጻፍ ጀመረ፤ ጋሼነቱ ከአክብሮት እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል። አነጋገሩን አልወደድኩለትም። ነገሩ ላይ ግን ከሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 10 ነገሩን ወደ ፊደል አዞረችው። ከሞደም ይልቅ ሰውን ዝም ያሰኘው ፊደል ነው ትላለች። ግሪኮች የራሳቸውን ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። ዐረቦች በላቲን የማይገኘውን ድምፅ በቁጥር ተኩት፤ 3 ለዐ፣ 7 ለሐ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የጋራ የፊደል መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ፎንቱና ኪቦርዱ እያንዳንዱ ማሽን ላይ እስኪደርስ ጊዜ ወስዷል። በሰው ፊደል ስትጽፍ ቀልድህ አይቀልድም፣ ግጥምህ አይገጥምም፤ የምትጽፈው «ደህና ነኝ፣ እደውላለሁ» ዓይነት ነገር ብቻ ይሆናል። ይህ በተሳትፎ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ምላሽ 11 ደግሞ ሳጥኖቹን አስታወሰን። ጓደኛህ በስንት ልፋት በፊደሉ ጽፎ የላከው አንተ ጋር ሲደርስ ተርታውን የተደረደሩ ባዶ አራት ማዕዘኖች ሆኖ ይታያል። የሳጥኖቹን ቁጥር አይቶ ስሜን ነው የጻፈው ብሎ የሚገምት ሰው ያውቅ እንደነበር ጻፈ።

ከ12 እስከ 14 ከመንገድ ወጣን። ምላሽ 12 «ፊደል ካልበቃ ሥዕል አለ» ብሎ ጀመረ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ስኮት ፋልማን መስከረም 19 ቀን 1982 ቀልድን ከቁም ነገር ለመለየት ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ (ጎኑን የተኛ የፈገግታ ፊት) እንጠቀም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በ1999 ሺጌታካ ኩሪታ ለጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ዶኮሞ 176 ትንንሽ ሥዕሎች (ኢሞጂ) ሠራ፤ እያንዳንዱ በ12 በ12 ነጥብ ካሬ ውስጥ። በዚሁ ቢቆም ጥሩ ነበር። 13 ግን የተጋጠሙት ሁለት እጆች ጸሎት ናቸው ወይስ የሁለት ሰው የእጅ ማጋጨት ብሎ ጠየቀ፤ 14 ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ ብሎ ተገረመ። እኔ ገብቼ ወደ ጉዳያችን እንመለስ አልኩ። እስካሁን በግል መልእክት የሚከራከሩ ይመስለኛል።

ምላሽ 15 መልካም አሳቢ ነው፤ መፍትሔው ቀላል ነው ብሏል። ሰው በእውነተኛ ስሙ ቢገባ ስድቡ ይቆማል፣ የምር ሐሳብ ይወጣል።

ምላሽ 16 በመረጃ ነው የመታው። ደቡብ ኮሪያ በ2007 ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ በሕግ አስገደደች። መረጃ አንድ ቦታ ሲከማች ሌባ ይጠራል፤ በ2011 የ35 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ከአንድ ኩባንያ ተሰረቀ። በነሐሴ 2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። የጎግል ማኅበራዊ መረብ የነበረው ጎግል ፕላስም በ2011 እውነተኛ ስም ካልሆነ ብሎ ጀምሮ በ2014 ተወው፤ በ2019 ራሱም ተዘጋ። ደግሞስ በሙሉ ስሙና በሠርግ ፎቶው ሰው ሲሰድብ የሚውል የለም ወይ ብሎ ጨረሰ። ለዚህ የመለሰ አልተገኘም።

ምላሽ 17 እህታችን ናት። ረጅም ጻፈች፣ ማንም አላቋረጣትም። ሁለት አካውንት አላት። በስሟ ባለው እንኳን ደስ አላችሁ ትላለች፣ ነፍስ ይማር ትላለች፣ የተመረቀ ሰው ፎቶ ሥር ልብ ታስቀምጣለች። እዚያ ዘመዶቿ፣ አለቃዋ፣ የድሮ ክፍል ጓደኞቿ ሁሉ አሉ። ሁለተኛው በብዕር ስም ነው። ለቤተሰቧ ያልተናገረችውን ሕመም የጠየቀችው እዚያ ነው። መድኃኒቱን ስትጀምር ምን እንደሚሰማት ቀድመው ያለፉበት ሰዎች ነገሯት፤ ለሐኪም ልትጠይቀው ያፈረችውን ጥያቄ እንዴት ብላ እንደምትጠይቀው ሳይቀር አስጠኗት። በስሟ ያለውን አካውንት ያየ ሰው ይህች ልጅ ኢንተርኔት ላይ ምንም አትናገርም ይላል።

እኔ ክሩን ካነበብኩ በኋላ የያዝኩት አቋም ከዚህ የመጣ ነው። ሰው መናገሩን አልተወም። ተመልካቹን አይቶ ነው ቦታ የቀየረው። ስለዚህ ማን ስንት ጻፈ ብሎ መቁጠር ብቻውን የትም አያደርስም፤ ማን ፊት እንደጻፈው ካልታወቀ።

ምላሽ 18 ይኸው ነገር መቼ እንደተለወጠ በቀኑ ሳይቀር ያውቃል። መስከረም 2006 ፌስቡክ ኒውስ ፊድን ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ስለ ሰው ለማወቅ ወደ ገጹ መሄድ ነበረብህ። በማግስቱ የሁሉም ሰው እንቅስቃሴ ሁሉም ሰው ፊት ተዘረገፈ። ተጠቃሚው ተቆጣ፤ የተቃውሞ ግሩፕ ተከፈተ፤ ግሩፑን በሰዓታት ውስጥ ያስፋፋው ደግሞ ያው የተጠላው ኒውስ ፊድ ነው። አሊስ ማርዊክና ዳና ቦይድ የትዊተር ተጠቃሚዎችን ሲያጠኑ ያገኙትንም አነሳ። ሰው ሲጽፍ አንባቢውን በሐሳቡ ይሥላል፤ እናት፣ አለቃና እንግዳ ሰው በአንድ ላይ የሚያነቡት ከሆነ ግን ለማንኛቸው እንደሚጽፍ ይቸግረዋል። አንዳንዱ ማንንም የማያስቀይመውን ብቻ ይመርጣል። ለዚህ ነው ፕሮፋይላችን በሙሉ መልካም ምኞት የሆነው ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 19 ሰዎች ታዲያ ወዴት ሄዱ ብሎ ራሱ መለሰ፦ ወደ ዋትሳፕና ቴሌግራም ግሩፕ፣ በ24 ሰዓት ወደሚጠፋ ስቶሪ። የሚጠፋ መሆኑ ያደፋፍራል። ምላሽ 20 አልተዋጠለትም። ዝግ ግሩፕን ገነት አታድርጉት አለ። ሦስት አራተኛው የደህና አደራችሁ ሥዕልና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፎርዋርድ ነው፤ ዋትሳፕ ራሱ በጥር 2019 አንድን መልእክት ለአምስት ብቻ ነው የምታስተላልፉት ብሎ የገደበው ወሬው ስላስቸገረ ነው። ስለ ሦስት አራተኛው ከየት አመጣኸው አልተባለም፤ ሁሉም የራሱን ግሩፕ አስቦ ነቀነቀ መሰለኝ።

ምላሽ 21 አጭር ናት፣ ግን ሁላችሁም ጽሑፍ ጽሑፍ ትላላችሁ ብላ ጀመረች። ዋትሳፕ በ2013 የድምፅ መልእክት ሲጀምር እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። መጻፍ አይሆንላቸውም። አሁን የሰባት ደቂቃ ቮይስ ይልካሉ፤ መሀሉ ላይ ከጎናቸው ላለ ሰው ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ሳል ይይዛቸዋል፣ ያቋረጡትን ረስተው ሌላ ይጀምራሉ። ልጆቹ ፍጥነቱን ጨምረው ነው የሚሰሙት። በጂኦሲቲስ ዘመን እኚህ ሴት የት ነበሩ ብላ ጠየቀችኝ። የትም አልነበሩም።

ከ22 እስከ 24 ስለ ቪዲዮ ነው፣ በፍጥነት ልለፈው። 22 ዩቲዩብ ላይ ሚያዝያ 23 ቀን 2005 የወጣው የመጀመሪያ ቪዲዮ የ19 ሴኮንድ መሆኑን አስታወሰ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም መካነ አራዊት ውስጥ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ያወራል። ያን ያየ ሰው እኔም እችላለሁ አለ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሳትፎ የለም ይላል። ምላሽ 23 ደግሞ ሚሊዮኖች ያንኑ ዘፈን ከፍተው ያንኑ እጅ ሲያወዛውዙ ራስን መግለጽ ይባላል ወይ ብሎ አሾፈ። 24 በዚያው ዜማ ሁሉም የራሱን ስንኝ እንደሚጨምር ለማስረዳት ሞከረ፣ ከዚያ ግን ትዕግሥቱ አለቀና የምላሽ 23ን ጸሐፊ የትምህርት ደረጃ ወደ መንካት ገባ። ምላሽ 25 የለም። አድሚኑ አንስቶታል፤ ያነበባችሁት ታውቁታላችሁ።

ምላሽ 26 ከጠቡ በኋላ ነው የመጣው፣ በረጋ መንፈስ። የምታወጡት ነገር የእናንተ አይደለም ነው ቁም ነገሩ። ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስን ሲዘጋ የተረፈው በጎ ፈቃደኞች እየተሯሯጡ የገለበጡት ነው። ሰው ዘፈኑን ይጭንበት የነበረው ማኅበራዊ ገጽ ማይስፔስ በ2019 እንዳመነው ከ2016 በፊት የተጫኑ ዘፈኖች በሰርቨር ዝውውር ጠፍተዋል፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ተዘግቧል። የዩዝኔቱ ደግሞ ግልባጩ ነው። ጸሐፊዎቹ በየሳምንቱ ይጠፋል ብለው የጻፉትን ደጃ ኒውስ የተባለ ድርጅት ከ1995 ጀምሮ እያከማቸ እንዲፈለግ አደረገው፤ በ2001 ጎግል ገዛው። ተማሪ ሆኖ የተሳደበው ነገር ጎልማሳ ሆኖ የጠበቀው ሰው ብዙ ነው። ይኖራል ያልነው ጠፋ፣ ይጠፋል ያልነው ኖረ።

ምላሽ 27 ታዲያ የራሴን እንዴት ላስቀር ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 28 ሙያው ይመስላል፣ ቁጭ ብሎ አስረዳ። ጎግል ከ2011 ጀምሮ ቴክአውት የሚባል የራስን መረጃ ማውረጃ አለው። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግ በግንቦት 2018 ሥራ ላይ ሲውል ሰው መረጃውን ይዞ የመውጣት መብት ስላገኘ፣ ትልልቆቹ ሁሉ ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድ የሚል ነገር አላቸው። ፌስቡክ ላይ የጊዜ ወሰኑን አይታችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ የፎቶውን ጥራት ከፍ አድርጉ፤ ፋይሉ ሲዘጋጅ የሚላከው ሊንክ ጊዜ ስላለው አትዘግዩ። ቴሌግራም የሚሆነው ከኮምፒውተሩ መተግበሪያ ነው። ዋትሳፕ እያንዳንዱን ውይይት ለብቻ ነው የሚሰጠው። በሰው ገጽ ላይ የሰጣችሁት ኮመንት ይመጣል፤ ኮመንቱ የተሰጠበት የሰውዬው ጽሑፍ ግን አይመጣም፣ ያ የሱ ነውና።

ምላሽ 29 ያ የምላሽ 6 አዛውንት ናቸው። የተባለውን ሁሉ እንዳደረጉና ፋይሉ እንደመጣላቸው ጻፉ። ኤችቲኤምኤል (በብራውዘር የሚነበብ ገጽ) ወይስ ጄሰን (ለፕሮግራም የሚሆን የመረጃ ፋይል) ተብለው ሲጠየቁ ጄሰንን መርጠዋል። ሲከፍቱት የእንግሊዝኛው ይነበባል፣ የአማርኛው ግን በዘባራቂ ምልክት ተሞልቷል። ሳጥን እንኳ አይደለም አሉ። ምላሽ 30 ምላሽ 10ን የጻፈችው ልጅ ናት። ፌስቡክ በጄሰን ሲሰጥ ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል እንደሚያበላሽ፣ ጽሑፉ ግን እንዳልጠፋ ነገረቻቸው። ተመልሰው ኤችቲኤምኤል መርጠው እንደገና ይዘዙ፣ ሲመጣ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል አለች። ምላሽ 31 ያ «ጋሼ» ሲል የነበረው ልጅ ነው፤ ከኤችቲኤምኤሉም እምቢ ካለ ፋይሉን ይላኩልኝ፣ የማስተካከያ ኮድ አለኝ ብሎ ጻፈ።